ተከናወነለት የሚባለው ሰው ማን ነው?

አንድ ሰው በሕይወቱ ሳለ ወይም ከሞተ በኋላ «እገሌ ተከናውኖለታል»፣ «እገሌስ ቀንቶት ነበር» ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ይህን ቃል የምንናገር ሰዎች ሁላችን በአንድ ሚዛን መዝነን የምንናገር አይደለንም። አንዱ የሰውየውን በሬና መሬት ቈጥሮ ይናገራል፤ አንዱ ሹመቱን አይቶ ይናገራል፤ ሌላው ደግሞ በቤቱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋራ በሰላም መኖሩን ተመልክቶ ይናገራል። እንግዲህ የሰው ኑሮ መከናወኑ በሀብቱ ይመዘናልን ወይስ በደስታው የሚለው ጥያቄ እጅግ የቈየ ጥያቄ ነው። የቈየ ስለ ሆነም ብዙ ሰው መልሱን የሚያውቀው ይመስለዋል። በጉባኤ ላይ ቢጠየቅ «ደስታ ይበልጣል» ብሎ ይመልሳል፤ ወደ ቤቱ ገብቶ ልጁን ሲመክር ግን የጎረቤቱን ቤት በጣቱ እያሳየ ነው።

እኔም በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ለመጻፍ ያሰብሁት ከፈላስፎች መጽሐፍ ተነሥቼ አይደለም። ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ በየቤተ ሰቡ የገባበትና ልጅን ከአባት የሚለይበት አገር ስላለ ነው። ይኸውም የሀዲያና የከምባታ አገር ነው። የተከበራችሁ አንባቢዎች በትዕግሥት ብትከተሉኝ ነገሩን ከሥሩ እጀምራለሁ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ቃልን ከሥሩ የመፈለግ ልማድ አለበት። «ሀብት» የሚለው ቃል «ወሀበ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው፤ ወሀበ ማለት ሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ሀብት ማለት በመጀመሪያ ስጦታ ማለት ነበር፤ በግእዝ መጻሕፍትም የጸጋ ስም ሆኖ እናገኘዋለን። በኋላ ግን አማርኛችን ገንዘብንና ንብረትን በዚሁ ስም ጠራበት። እንግዲህ የቃሉ ትርጓሜ ከተቀበሉት ስጦታ ተነሥቶ እስከ ሰበሰቡት ንብረት ድረስ ሄዷል ማለት ነው። ደስታ የሚለው ቃል ግን እንዲህ ያለ ረጅም ጉዞ አላደረገም፤ ሕፃንም ሽማግሌም ሲሰማው ያውቀዋል፤ አሳይ ቢሉት ግን የሚያሳየው የለውም። የክርክሩ ችግር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሀብት ይታያል፤ ደስታ አይታይም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ሆሣዕና ከተማ ይደርሳል። ከተማዪቱ በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። ከዚያ ወደ ግቤ ወንዝ አቅጣጫ ሲሄዱ የግቤ ወረዳ ዋና ከተማ ሆመቾ ትገኛለች። የዚህ አገር ሰው ሀብትን የሚቈጥርበት ነገር በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል። በ14ኛው መቶ ዓመት በግብጽ ሱልጣን ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ የነበረው አል ዑመሪ የሀዲያ ሰዎች ሐኩና በሚባል የብረት ገንዘብ ይገበያዩ እንደ ነበረ ጽፏል። (ጸሐፊ መሆን የሰውን ገንዘብ መቈጠር እንጂ የራስን ማብዛት እንዳልሆነ እርሱም ሳያውቀው አልቀረም።) ከዚያም በኋላ ሀብት የሚባለው የቀንድ ከብት ሆነ። መቶ ከብት ለሞላለት ሰው፣ ሺሕም ለሞላለት የየራሱ ማዕርግ ነበረው፤ ማዕርጉም የሚገኘው ሕዝብ ተሰብስቦ በሚበላበት ድግስ ነበር። ይህ ሥርዓት ሊመረመር የሚገባው ነው። ሰውየው ሀብታም ተብሎ የሚጠራው ከብቱ በበረቱ ስለ ሞላ ብቻ አልነበረም፤ አገሬው በልቶለት ከመሰከረለት በኋላ ነው። ላም የሌለው ድኻም ከባለጸጋው ላም ተቀብሎ እየጠበቀ ወተቱን ይጠጣ ነበርና የአንዱ ሀብት በሌላው ቤት ይታለብ ነበር።

ከከብቱ ቀጥሎ የአገሩ መከታ እንሰት ነው። እንሰትን የማያውቅ ሰው ሙዝ ይመስለዋል፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ከግንዱ የሚፋቀውና ከሥሩ የሚወጣው ነው። ከተተከለ በኋላ ለመብል እስኪደርስ ከ4 እስከ 7 ዓመት ይጠበቃል። ከዚያ ሴቶች ፍቀው፣ በጕድጓድ ቀብረው፣ አብላልተው ቆጮና ቡላ ያወጡለታል። የአንድ ዓመት ዝናብ ቢቀር እንሰት አይጠፋም፤ ስለዚህ በጓሮው በየዕድሜው የተተከለ እንሰት ያለው ቤተ ሰብ የዛሬን ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ዓመታት ቀለብ ቆሞ ያየዋል። ይህ ሀብት ነውን ወይስ ደስታ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ ይህ ነው፤ ማታ ሲተኙ ስለ ነገ አለመፍራት።

ነገር ግን ሕዝቡ በዛ፤ መሬቱ አልሰፋም። አያት ያረሰውን አባት ከወንድሞቹ ጋራ ተካፈለ፤ አባት የደረሰውን ደግሞ ልጆች ቢካፈሉት ለአንዱ የሚደርሰው ለቤት ሥራና ለጥቂት እንሰት ብቻ የሚበቃ ሆነ። ትምህርት የጨረሰውም ወጣት ሥራ ፈልጎ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ መጥናት ጀመረ። በዚህ ጊዜ የደቡብ አፍሪቃ ወሬ መጣ።

ደቡብ አፍሪቃ በ1986 ዓመተ ምሕረት ከዘር መለያየት አገዛዝ ወጥታ ደጇ ለሌሎች አፍሪቃውያን ተከፈተ። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ሰው መሄድ የጀመረው ግን በ1990ዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው። በ1993 ዓመተ ምሕረት ግድም ከውጭ አገር የመጣ አንድ ሰባኪ በሆሣዕና ለተሰበሰበው ሕዝብ እግዚአብሔር በስተደቡብ በኩል በር ይከፍታል ብሎ ተናገረ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ሰባኪው ያሰበው የትኛውን ደቡብ እንደ ሆነ እርሱ ያውቃል፤ ሰሚው ግን ጆሃንስበርግን ሰማ። መንገዱም ከሞያሌ ተነሥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ ወይም በዛምቢያና በዚምባብዌ አድርጎ የሚያልፍ፣ ደላላ ከደላላ የሚቀባበልበት ረጅም መንገድ ነው። በ2001 ዓመተ ምሕረት የወጣ የዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት ጥናት በዚህ መንገድ ከኢትዮጵያና ከሶማሊያ በየዓመቱ ከ17 ሺሕ እስከ 20 ሺሕ ሰው እንደሚያልፍ ገምቶ ነበር። ለደላላው የሚከፈለው ገንዘብ የሚገኘው አባት በሬውን ሸጦ፣ መሬቱን አከራይቶ ወይም ቀድሞ የሄደ ዘመድ ልኮ ነው።

ከሀዲያ አገር ልጅ ርቆ መሄዱ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት የሀዲያ ገራድ ልጅ እሌኒ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆና ከቤተ መንግሥት ገብታ፣ ከእርሱም በኋላ ለተነሡት ነገሥታት መካሪ ሆና ኖራለች፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1509 ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላከችውም እርስዋ ናት። ነገር ግን እሌኒ የሄደችው ወደ ዙፋን ነው። የዛሬው ወጣት የሚሄደው ሎኬሽን ወደሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ነው። በመጀመሪያ ብርድ ልብስና አንሶላ ተሸክሞ በየቤቱ እያንኳኳ በዱቤ ይሸጣል፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ገንዘቡን ለመልቀም ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ጥቂት ሲያጠራቅም ትንሽ ሱቅ ይከፍታል። በቀን ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ይሸጣል፤ ሌሊትም ሌባ እንዳይገባበት ከዕቃው መካከል ይተኛል። ያገኘውን ራንድ በሐዋላ ወደ አገሩ ይልካል።

ይህ ገንዘብ ምንም በጎ ነገር አላደረገም የሚል ሰው ሐሰተኛ ነው። በዚህ ገንዘብ እናቶች ታክመዋል፤ ታናናሽ እኅቶች ከኮሌጅ ገብተዋል፤ የሣር ክዳን በቈርቈሮ ተለውጧል፤ ሆሣዕናም ባለ ብዙ ፎቅ ከተማ ሆናለች። በቀድሞ ጊዜ ልጁን ለማስተማር በሬ ይሸጥ የነበረ አባት ዛሬ በሬውን ሳይሸጥ ያስተምራል። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ደብተርና ቀለም አጥተው ትምህርታቸውን የተዉ ጓደኞች ነበሩኝና ለደብተር የሚበቃ ገንዘብ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ «ገንዘብ ከንቱ ነው» የሚለውን ቃል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ዳሩ ግን የመንገዱን ዋጋ ደግሞ መናገር ይገባል። በግንቦት 2000 ዓመተ ምሕረት በደቡብ አፍሪቃ በባዕዳን ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የብዙዎችም ሱቅ ተዘርፎ ተቃጠለ። በሰኔ 2004 በታንዛኒያ በዶዶማ አገር በጭነት መኪና ታጭቀው ሲሄዱ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ከ40 በላይ የሚሆኑት ትንፋሽ አጥተው ሞቱ። በመጋቢት 15 ቀን 2012 በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባለው አገር አንድ የዕቃ መጫኛ ሣጥን ቢከፈት 64 ሬሳ ተገኘበት፤ በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። በጥቅምት 2015 በማላዊ ምዚምባ በጅምላ መቃብር ከ25 የማያንስ ሬሳ ተገኘ። ሁለት ወር ሳይሞላም በታኅሣሥ 2 ቀን በዛምቢያ ከሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች ሬሳ በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ገና ነፍስ ነበረው። እንዲህ ያለ ወሬ በሬዲዮ በተሰማ ቍጥር በሆመቾና በዱራሜ፣ በሆሣዕናና በየገጠሩ ቴሌፎኑ የዘጋበት ልጅ ያለው ቤት ሁሉ እንቅልፍ አያገኝም።

ታዲያ ወላጅ ይህን እያወቀ ስለ ምን ይልካል? አላወቁም ማለት አይቻልም። የላቸውም ብቻ ማለትም አይበቃም፤ እርሻና ከብት እያላቸው የሚልኩ አሉና። የኔ አሳብ ይህ ነው፦ በመንገድ ዳር የቆመ ቤት ሁሉ ሰው ያየዋል። ቤቱን የሠራው ልጅ ሌሊት ከፍርግርግ ጀርባ ሲተኛ ግን የሚያየው የለም። የጎረቤቱ ልጅ ፎቅ ሲሠራ ያየ አባት፣ ከትናንት ወዲህ ከንብረቱ አንዲት ዶሮ እንኳ ሳትጎድልበት፣ ድኻ እንደ ሆነ ይሰማዋል። ልጁም በማዕድ ፊት «እገሌ እኮ በዕድሜ ያንተ እኩያ ነው» የሚል ቃል ይሰማል። ይህ ቃል በቀስታ የሚነገር ቃል ነው፤ በቤትም ውስጥ ማንም ሂድ አላለውም። ነገር ግን እርሱ ሂድ እንደ ተባለ ያውቃል። ትምህርቱን ሳይጨርስ የሚነሣውም ስለዚህ ነው። በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው ቍጥር 1178 አዋጅ ደላላውን ይቀጣል፤ በማዕድ ላይ የተነገረውን ቃል ግን ምን ሕግ ይቀጣዋል?

የውጭ አገር ሊቃውንትም ይህን የንጽጽር ነገር መርምረውታል። ሪቻርድ ኢስተርሊን የሚባል የአሜሪካ የኢኮኖሚ ሊቅ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1974 ባወጣው ጽሑፍ፣ በአንድ አገር ውስጥ ባለጸጎች ከድኾች ይልቅ ደስ እንደሚላቸው፣ ነገር ግን አገሩ በሞላ በባለጸግነት ሲያድግ የሕዝቡ ደስታ በዚያው ልክ እንደማያድግ አመለከተ። ምክንያቱንም ሲናገር ሰው ኑሮውን የሚመዝነው ከባልንጀራው ጋራ አስተያይቶ ስለ ሆነ ነው አለ። ሌሎች ሊቃውንት ተከራክረውታል፤ ክርክሩም አላለቀም። ዳንኤል ካነማንና አንገስ ዲተን በ2010 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ የሰው የዕለት ደስታ ከገቢው ጋራ እየጨመረ ሄዶ በዓመት 75 ሺሕ ዶላር ገደማ ሲደርስ ይቆማል ብለው ነበር። በ2023 ግን ካነማን ራሱ ከሌሎች ጋራ ሆኖ ነገሩን እንደ ገና ሲመረምረው፣ ለብዙው ሰው ከዚያም በላይ ደስታው እንደሚጨምር፣ ገንዘብ ከአንድ ልክ በኋላ የማይረዳው በሌላ ኀዘን የተያዘውን ሰው እንደ ሆነ ተገኘ። ሊቅ ሰው አሳቡን በግልጽ ሲያርም ማየት ደስ ያሰኛል፤ በመሥሪያ ቤታችንም ቢለመድ መልካም ነበር።

ዛሬ በየዓመቱ በሚወጣው የዓለም የደስታ መግለጫ የሕዝቦች ደስታ የሚለካው በመሰላል ነው። ሰውየውን «ከታች ከ0 ጀምሮ እስከ ላይ 10 ድረስ እርከን ያለው መሰላል አለ እንበል፤ የላይኛው ላንተ የሚቻለው መልካም ኑሮ ነው፤ የታችኛው ክፉው ነው፤ አንተ ዛሬ የትኛው ላይ ቆመሃል?» ብለው ይጠይቁታል። ፊንላንድ ከ2018 እስከ 2025 በተከታታይ 8 ጊዜ አንደኛ ሆነች፤ እርከኗም ከ7 ተኩል በላይ ነው። የኢትዮጵያ ወደ 4 የሚጠጋ ነው። የፊንላንድ ሰዎች ሳቅና ጭፈራ የሚያበዙ ሕዝብ አይደሉም፤ ክረምታቸውም ረጅምና ጨለማ ነው። አጥኚዎቹ ለደስታቸው ከሚሰጡት ምክንያት አንዱ መተማመን ነው፤ የወደቀ ቦርሳ ለባለቤቱ እንደሚመለስ፣ ባለሥልጣንም ፊት አይቶ እንደማይፈርድ ያምናሉ። ይህን የምታነብቡ ሹማምንት ሁሉ በዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንድትሉ እለምናለሁ። አንድ ባላገር ጉዳዩ በ3 ቀን በሚያልቅበት አገርና 3 ዓመት በሚመላለስበት አገር እኩል ሀብት ቢኖረው እንኳ እኩል ደስታ አይኖረውም፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ደግሞ የኛ ብዕር ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው የቡታን ነገር ነው። ቡታን በሂማላያ ተራራ ላይ ያለች ትንሽ መንግሥት ናት። ንጉሧ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ በ1970ዎቹ ዓመታት የአገር መከናወን በሀብት ድምር ሳይሆን በደስታ ድምር ይመዘን ብሎ ተናገረ፤ በ2008 በጸናው ሕገ መንግሥታቸውም ውስጥ ይህ አሳብ ተጽፎ ገባ። ዓለም ሁሉ አመሰገናት፤ በ2011 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ደስታ ውሳኔ ያሳለፈው በእርስዋ አሳሳቢነት ነው። ነገር ግን ከ2022 ወዲህ የቡታን ወጣቶችና የተማሩ ሠራተኞች በብዛት ወደ አውስትራሊያ እየሄዱ ናቸው። ስለ ምን ቢሉ በአገራቸው ሥራና የሚበቃ ደመወዝ ስላላገኙ ነው። እንግዲህ በደስታ ሚዛን የምትመዘን አገር ልጅና በከብት ሚዛን ይመዘን የነበረ አገር ልጅ በአንድ ዘመን ሻንጣቸውን አዘጋጁ። ደስታን በሕግ መጻፍ ለወጣቱ እርሻ አይሆነውም።

ስለዚህ ጎተራው የሞላ ሰው ጎተራው ባዶ የሆነውን «ደስታ ከሀብት ይበልጣልና ባለህ ተደሰት» ብሎ ሲመክረው ስሰማ አፍራለሁ። ይህ ምክር ከመካሪው አንዲት ቁና እህል አያስወጣውም። በምድራዊ ሀብት ከንቱነት ላይ ከሁሉ አብልጦ የተናገረው የመክብብ መጽሐፍ እንኳ የተነገረው በባለጸጋ ንጉሥ አፍ ነው፤ እርሱ አትክልቱን ተክሎ፣ ቤቱን ሠርቶ፣ ወርቁን ሰብስቦ ካየው በኋላ ተናገረ። ገና ያልተከለ ወጣት ያንኑ ቃል ሳይቀምስ እንዲቀበል መጠየቅ ፍርድ አይደለም። ወጣቱ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የሚሰበስበው ሀብት ከማን ጋራ ሊበላው ነው የሚል ነው። በአሜሪካ ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1938 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ያልተቋረጠ አንድ ጥናት አለ። የወጣቶቹን ኑሮ እስከ ሽምግልና ድረስ ተከትሎ ሲመረምር፣ ጤናንና ደስታን ከሁሉ ይልቅ የሚያጸናው ከቤተ ሰብና ከወዳጅ ጋራ ያለ መልካም ግንኙነት እንደ ሆነ አገኘ።

በሀዲያና በከምባታ ይህን ሊያውቁ ሀርቫርድ መሄድ አያስፈልጋቸውም። «ሴራ» የሚባል ሥርዓት አላቸው። በአማርኛ ሴራ ማለት የክፉዎች ምክር ነውና ስሙን በመጀመሪያ የሰማ የፍርድ ቤት ሰው ይደነግጣል፤ በነርሱ ዘንድ ግን የመተባበር ሕግ ነው፤ የሞተውን በአንድነት የሚቀብሩበት፣ ቤቱ የተቃጠለበትን የሚሠሩለት፣ የተጣሉትን የሚያስታርቁበት ነው። በመስከረም አጋማሽ ደግሞ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ያከብራሉ። ወንዶች ዓመቱን ሙሉ ለሠንጋ መግዣ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ቡላው በቅቤና በወተት ተሠርቶ አተካና ይሆናል። በዚያ ቀን የተበተነ ቤተ ሰብ ይሰበሰባል፤ የተጣላ ሳይታረቅ አይበላም። በዛሬ ጊዜ ግን ብዙዎቹ ቤቶች የሚሰበሰቡት በቴሌፎን ነው። ሠንጋው የተገዛው ልጁ በላከው ገንዘብ ነው፤ ሥጋውን የሚያርሱለት ግን ጎረቤቶች ናቸው። እናቲቱ ቴሌፎኑን ወደ ምጣዱ አስጠግታ «ይህን ታያለህ?» ትለዋለች። እርሱም አያለሁ ይላታል፤ በዚያም ሱቁ ደንበኛ ገብቶበት ይዘጋዋል።

አሁን ከሙያዬ አንድ ነገር ልናገር። ከዚህ ገንዘብ የተነሣ በየፍርድ ቤቱ የሚበዛው ክርክር የወንድማማች ክርክር ነው። ከውጭ የሚልከው ወንድም በአገር ያለውን ያምነዋልና ወረቀት አይጽፍም። ቦታው በአገር ባለው ስም ይወሰዳል፤ ካርታውም በስሙ ይወጣል። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቍጥር 1195 የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የተሰጠውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምተዋል። በቍጥር 1723 ስለማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሕግ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በቍጥር 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ ብድር ያለ ጽሑፍ ወይም ያለ ራስ ቃል ወይም ያለ መሐላ አይረጋገጥም። እንግዲህ 10 ዓመት ገንዘቡን በሰው እጅ ሲልክ የኖረ ሰው ተመልሶ ሲመጣ በእጁ ያለው ማስረጃ የወንድሙ ቃል ብቻ ነው።

እንዲህ ካሉት ነገሮች አንዱን የባለጉዳዮቹን ስምና ቦታ ትቼ ልንገራችሁ። ታላቁ ወንድም በአባቱ ሁለት በሬዎች ዋጋ ሄዶ 11 ዓመት ልኳል። ታናሹ ትምህርቱን ትቶ ሲሚንቶ ሲያስጭን፣ ግንበኛ ሲቈጣጠር፣ አባቱን ሲያስታምምና ሲቀብር ኖሯል። ባለ ሦስት ፎቁ ቤት ሲያልቅ ታላቁ መጣ፤ ቤቱም የታናሹ ሆኖ ተገኘ። ታላቁ «ላቤ ነው» አለ። ታናሹም «ላብህን ላክህ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ነው ያፈሰስሁበት» አለ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ ለዚህም ነው ነገሩ ከባድ የሆነው። እናታቸው ለምስክርነት መጣች። የምትኖረው ከፎቁ ጀርባ በእንሰቱ ውስጥ ባለችው የሣር ቤት ነበር፤ ወደ አዲሱ ቤት አልገባም ብላ። ዳኛው ስለ ምን አልገባሽም ብለው በአስተርጓሚ ቢጠይቋት «እዚያ ማን እሳት ያነድዳል?» አለች። አስተርጓሚው ቃሏን ሲያስተላልፍ ድምፁ ስለ ቀነሰ እንደ ገና እንዲናገር ታዘዘና ደገመው።

ዳኛው ባለጉዳዮቹ ለአገር ሽማግሎች እንዲሄዱ ፈቀዱላቸው። ሽማግሎቹ ሦስት ጊዜ ተቀምጠው፣ የምድር ቤቱ ኪራይ ለታላቁ፣ የላይኛው ለታናሹ እንዲሆን፣ መካከለኛውን ሁለቱ እንዲካፈሉ፣ እናታቸውም በሕይወት እስካለች ድረስ ከሁሉም ኪራይ ሩብ እንድትወስድ አስታረቋቸው። የዕርቁ ወረቀት ቀርቦ ተነበበ፤ እናቲቱ በጣቷ ፈረመች። ታላቁ ወንድም ብዕር ፈልጎ ኪሱን ሲዳብስ ታናሹ ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሰጠው። መዝገቡም ተዘጋ።